«ቲቸር ረግሞኝ ነበር እንዴ?»

ባለፈው ቅዳሜ ጅግጅጋ ነበርኩ... ሟች ባለቤቴ ተጋብዞ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩን መዝጋት ግን አልሆነልኝም፣ ካርድ እየሞላሁ አቆየዋለሁ። ድሬዳዋ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ጮኸ።

«የቲቸር ስልክ ነው? የድሮ ተማሪዎቹ ነን፣ ከጅግጅጋ!»

«ባለቤቱ ነኝ...» ከማለቴ ከወዲያ ጭብጨባው ቀለጠ። ለካ ብዙ ሆነው ነው የደወሉት።

«ኤዶ! የሃይስኩል መምህሮቻችንን ልናከብር ነው። ያለ እሱ አንጀምርም፣ ይዘሽው ነይ!»

ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ያን ሁሉ ደስታ እንዴት በአንድ ቃል ልቁረጠው? «እሺ» አልኩ። ሄጄ ፊት ለፊት ልነግራቸው አሰብኩ። ደግሞም አደራ ነበረብኝ፤ ባለቤቴ ሲሞት ለአንድ ተማሪው መልእክት ትቷል። እሱን የማገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የካራማራን ተራራ አልፈን ጅግጅጋ ሜዳው ላይ ብቅ አለች። ባለቤቴ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረው እዚያ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ሦስት ጎልማሶች ቆመዋል። አንዱ አዲስ ሽርጥ፣ አንዱ ኮፍያ፣ አንዱ ከዘራ ይዟል። የተከበረ ሰው እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚሸለመው። እኔን ሰላም ይሉኛል፣ ዓይናቸው ግን ከኋላዬ ነው።

«ቲቸርስ? መኪና እያቆመ ነው?»

«ልጆቼ... ቲቸር አርፏል።»

ከዘራ የያዘው ግዙፍ ሰው «ኢናሊላሂ...» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ለቅሶውን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ያ ግዙፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ኤዶ፣ ፋራህ እባላለሁ። አሥረኛ ክፍል እያለን ወንበሩ ላይ ማስቲካ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሱሪው ተበላሸ... እውነቱን ንገሪኝ፣ ረግሞኝ ነበር እንዴ?»

ልስቅ ነበር፣ ፊቱን ሳየው ተውኩት። የወላጅና የመምህር እርግማን እዚያ ቀልድ አይደለም። ሰውዬው መኪና ተገልብጦበታል፣ ልጅ አልወለደም... ሁሉንም ከዚያች ማስቲካ ነው የቆጠረው።

«ኧረ በፍጹም! እየሳቀ ነው ያጫወተኝ» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ምንም አላጫወተኝም። ማለቴ... ሊያጫውተኝ ሲጀምር «የትምህርት ቤቱን እዚያው ተወው» እለው ነበር። እኔ ሃይስኩል ደጃፍ ደርሼ አላውቅም፤ ፊደሉንም ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የለየሁት። ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ እኔ የማልገባበት አገር ሄዶ የመጣ ይመስለኝና ይከፋኝ ነበር። ውሎ አድሮ ዝም አለ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ፋራህ ዓይኑን ጠርጎ ዞር ሲል ከኋላው ሰልፍ ተሠርቷል። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሱ፣ ልጅ ያዘለች ነጋዴ...

«አሥራ አንደኛን አቋርጬ ሳገባ አዝኖብኝ ነበር?»

«እኔ ኮርጄ ነው ያለፍኩት፣ ያውቅ ነበር ይሆን?»

«ኤዶ፣ ጠመኔውን የምሰርቀው እኮ...»

«አንተ ወረፋህን ጠብቅ! ድሮም መጋፋት ነው ሥራህ!»

ለሁሉም ፈጠርኩ። «ጭንቅላቷ እሳት ነው ይልሽ ነበር።» «ተንኮለኛ ነው፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው ይልህ ነበር።» ካነበብኳቸው መጻሕፍት ቃል እየቃረምኩ አደልኩ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ደብተሩ ላይ «በጣም ጥሩ» እንደተጻፈለት ልጅ እየፈነጠዘ ይሄዳል። የሞተ ሰው ምርቃት ማን ሰጥቶኝ ነው የምሰጠው? ልከልክል ብልስ በምን አንጀቴ?

ይህን ሁሉ ሳወራ ግን ዓይኔ አንድ ሰው ይፈልጋል።

ሕመሙ ሲጠናበት ባለቤቴ ስለ አንድ ተማሪ ብቻ ነገረኝ። ሙክታር ይባላል፤ ከቀብሪበያ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለው። ባለቤቴ ቀሰቀሰውና «ሂድ ግመልህን ጠብቅ፣ አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ... በዚያው ቀረ።

«ረግሞኝ ይሆን?» ይለኝ ነበር ባለቤቴ፣ አልጋው ላይ ሆኖ። «ካገኘሽው ይቅር በለኝ ብሎሃል በይው።»

ሰልፉ አለቀ። ሙክታር ነኝ ያለ የለም። ማይኩን ተቀብዬ ጠየቅኩ።

«የቀብሪበያው ሙክታር እዚህ አለ?»

ተያዩ።

«ሙክታር? እኛ ክፍል እንደዚያ የሚባል አልነበረም» አለ ፋራህ።

«ግመልህን ጠብቅ የተባለው... ክፍሉ ሁሉ የሳቀበት።»

አንዷ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ለማስታወስ ሞከረች፣ አቃታት። ሌላው ክፋት ሳይኖረው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ «ኤዶ፣ ቀብሪበያ ሄደሽ ሙክታር ብትይ ግማሹ ከተማ አቤት ይልሻል» አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ?

ምንም ላልተባለላቸው ሁሉ ቃል ፈጠርኩላቸው... እውነተኛ ቃል የተላከለትን አንድ ልጅ ግን መኖሩን እንኳ የሚያስታውስ ጠፋ።