ካይሮ ላይ የቀረሁበት ወንበር

የበደለኝ ሰው መርዕድ ይባላል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከትንባሆ እርሻችን ሠራተኛ እየተመረጠ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት መላክ የጀመረበት ጊዜ። ያኔ ጓድ መርዕድ ነበር፣ እኔም አንቱ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱ አልለውም። የአባቱን ስም ግን አልጠራም፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም።

ይህን የምጽፈው አብረውኝ ለሠሩና ከእኛ በኋላ ትንባሆ ምደባ ለገቡ ነው። ስለ ትዳሬና ስለ ቤቴ የሚጠብቅ ካለ እዚህ አያገኝም።

ሸዋ ሮቢት ምደባ ቤት የገባሁት ከቀወት ገጠር መጥቼ ነው። ምደባ ቤት የምንለው የደረቀው የትንባሆ ቅጠል በቀለሙ፣ በውፍረቱና በጉዳቱ የሚለይበትን ረጅም መጋዘን ነው። በመጀመሪያው ቀን ካቧችን እትዬ ወርቅነሽ ከአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ አስቀመጡኝና ቅጠል እያነሱ አሳዩኝ። ከተክሉ እግር የተለቀመው ስስ ነው። ከወገቡ የተለቀመው ሰፊ ነው። ከራሱ የተለቀመው ወፍራም ነው፣ ሙጫው ጣት ላይ ይጠቁራል፣ በሳሙና አይለቅም።

ከዚያ "ዘሀራ፣ እኔ ተነሱ ሳልል ከዚህ ወንበር አይነሳም" አሉኝ።

ነገሩ ክፋት አልነበረበትም። ቅጠል የሚነካው የጠዋት እርጥበት ሲያለሰልሰው ነው። የሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ከጀመረች በኋላ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ይሰባበራል። አንዷ ብድግ ስትል ቀሚሷ የተለየውን ክምር ያመሳቅላል፣ የደረቀውን ያደቅቃል። እኔ አዲስ ነኝና ውሃ ጠማኝ፤ ተነሳሁ። እትዬ ወርቅነሽ አልጮሁም። በማግስቱ ለቀማ ላይ መደቡኝ። ሜዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለቅም፣ ወደ ጥላ የሚመልሰኝ መቀመጥ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ስመለስ መቀመጥ ችዬ ነበር።

የግድ የሚያስነሳ ጉዳይ ሲመጣ ሻሽን አውልቆ ወንበሩ ላይ መተው ነው። ሻሽ ያለበትን ቦታ ማንም አይነካም። "አለሁ፣ መጣሁ" ማለት ነው።

እንዲህ እየሠራሁ ከለዪነት ረዳት መዳቢ ሆንኩ። ረዳት መዳቢ ደረጃውን ታያለች እንጂ አትወስንም። የሚወስነው መዳቢ ነው፤ መዳቢ ለመሆን ደግሞ ትምህርቱ ቡልጋሪያ ነበር። ለዚያ ዙር ሁለት ሰው ተመረጠ። መርዕድ ከቢሮ፣ የቡድን መሪ ተብሎ። እኔ ከወንበሩ። ከእኛ መጋዘን ሴት ለትምህርት ስትላክ የመጀመሪያዋ ነበርኩ።

ውጭ የሚሄድ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር። እኔ ያሳደገኝን አጎቴን ይመርን ጠራሁ። አህያውን እየነዳ ከቀወት መጣ።

"ካልተመለሰች ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ትታሰራለህ" አለው ጸሐፊው።

"እሷ?" አለ አጎቴ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ እየነከረ፤ "ማጀቴ ገበያ ስልካት እንኳ ሽንኩርቱ ሳይጠወልግ ነው የምትመለሰው።"

ለመምህራኑ የምናሳየውን የአገራችንን ቅጠል በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እኔ ያዝኩ። ትኬቶቹን መርዕድ ያዘ።

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ቀረ። ሞተር አሉ፤ ቀጥሎ ዕቃ ይመጣል አሉ፤ ቀጥሎ ምንም አላሉም። አሳፍረው መልሰው አወረዱን። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነው የተነሳነው። ካይሮ ስንደርስ የቡልጋሪያው አውሮፕላን ሄዷል ተባልን።

"ሳይጠብቀን?" አልኩት መርዕድን።

"አውሮፕላን አይጠብቅም።"

"የካራቆሬ አውቶቡስ እንኳ ረዳቱ ስም እየጠራ ይጠብቃል።"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል" አለኝ። ማን አማርኛ እንደሚሰማ አላውቅም።

ፓስፖርታችንን የትራንዚት ጠረጴዛ ላይ ሰበሰቡት። አንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩ የብረት ወንበሮች ነበሩ። መርዕድ አንዱን አሳየኝ። "ሻይ ይዤ ልምጣ፤ የአውሮፕላኑንም ነገር ልጠይቅ። አንቺ ግን ከዚህ እንዳትነሺ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

ሻዩ አልመጣም።

መጀመሪያ ሰልፍ ይዞት ነው አልኩ። ቀጥሎ ታሞ ይሆናል አልኩ። ከፊት ለፊቴ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ፊደሎቹ እየተንጫጩ ይገለባበጣሉ፣ በተገለባበጡ ቁጥር ከጎኔ ያሉት ሰዎች ሻንጣቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ሌሎች ይመጣሉ፣ እነሱም ይሄዳሉ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ። የሚጠራው ድምፅ የትኛውን ሰው እንደሚጠራ፣ እኔንም ጠርቶኝ እንደሆነ አላውቅም። መስኮቱ ሩቅ ነው፣ መብራቱ አይጠፋም። ቀኑ ተለውጦ ይሁን ያው ይሁን ግራ ገባኝ። ጭራሽ ቡልጋሪያ ደርሰን እንደሆነስ ብዬ ያሰብኩበት ሰዓት ነበር።

መነሳትማ እችል ነበር። ጠረጴዛው ይታየኛል። ግን ብነሳና መርዕድ ቢመጣ፣ ባጣኝስ? አጎቴ ጣቱን ያሳረፈው አትጠፋም ብሎ ነው። የማይጠፋ ሰው ደግሞ ባስቀመጡት ቦታ የሚገኝ ነው። እኔ የማውቀው ሥራ ይህ ነበር።

አንዲት ወለል የምትወለውል ሴት "አሰላሙ ዐለይኩም" አለችኝ። መለስኩላት። ደስ ብሏት ብዙ አወራችኝ፤ አንድ ቃል አልገባኝም። የምሰግድበት ዐረብኛ ዳቦ አይጠይቅም። እሷ ግን ራሷ ገብቷት ፉል በዳቦ አመጣችልኝ።

ለውዱእ ልታጠብ ስሄድ ሻሼን ወንበሩ ላይ ተውኩት፤ ራሴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሴትዮዋ ሻሹን ዕቃ ረስታለች ብላ እየሮጠች አመጣችልኝ። መለስኩት። እንደገና አመጣችው። የሻሽን ትርጉም በእጅ ምልክት እንዴት ይነገራል?

ልሰግድ ስቆም ደግሞ ቂብላው ጠፋኝ። እኛ ዘንድ ወደ ካራቆሬ በኩል ዞሮ ነው የሚሰገደው። ካራቆሬ በየት በኩል ነው? ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ ወደ መጣሁበት አዞረችኝ። ለካ መካን አልፈናት መጥተናል። ከሁሉም የበለጠ ያስደነገጠኝ ይኸ ነው።

በጭኔ ላይ ያለውን ቅጠል የአዳራሹ ደረቅ አየር እያደር ጠጣው። ጨርቁን ባረጥበውም ጠርዙ መርገፍ ጀመረ። እዚያ በቆየሁ ቁጥር ለመምህራኑ የማሳየው ነገር እያነሰ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት አበሻ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"እህቴ፣ ኢትዮጵያዊ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ከኤምባሲ ነው የመጣሁት። ዘሀራ የምትባል ሴት አላየሽም? ከዚህ ጠፍታለች።"

"ዘሀራ እኔ ነኝ።"

"ጠፍተሽ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ።"

"መቼ ተመለስሽ?"

"የት ሄጄ?"

ከጎኔ ተቀመጠ። ኮቱን ፈታ። "ጓድ መርዕድ ሶፊያ ከገባ ሰነበተ" አለኝ።

"ሻይ ሊያመጣ ነው የሄደው።"

ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ። ያን ዕለት አንድ ባዶ ቦታ ተገኝቶ ነበር። መርዕድ "እሷ ትጠብቃለች፣ ተስማምተናል" ብሎ ገባበት። ሶፊያ ላይ ሁለተኛዋስ ሲሉት የቡድን መሪ ነውና ትቻት መጣሁ ማለት አልቻለም። ካይሮ ላይ ጠፋችብኝ አለ። ቃሉ በዚያው ወደ አገር ቤት ተላለፈ።

"ዋስሽ ማነው?" አለኝ ወጣቱ።

"አጎቴ።"

"ይዘውት ይሆናል" አለኝ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ቦታ ወደ ሶፊያም አለ፣ ወደ አዲስ አበባም አለ። ትኬቱን እሱ ያስተካክላል። ሶፊያ ከሄድኩ አልጠፋችም ብሎ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ሸዋ ሮቢት መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያምነው ግን አያውቅም።

"እኔን ራሴን ካዩኝስ?"

"ካዩሽማ አለቀ። ትምህርቱ ግን ያመልጥሻል፤ ሁለተኛ አይልኩሽም። አስቢበት።"

"አዲስ አበባ" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ተነሺ በለኝ" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አላውቅም፤ እግሬ እንቢ ብሎኝ መሰለኝ። "ተነሺ እህቴ" አለኝ። ተነሳሁ።

ሸዋ ሮቢት ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ቤቴ አልገባሁም። አጎቴ ይመር ቀበሌው ግቢ ውስጥ ግራር ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ጠባቂው አጠገቡ ጠመንጃውን ታቅፏል። ከተያዘ ሰንብቷል፤ ጢሙ አድጓል። አየኝ፣ አልደነገጠም።

"ምነው ቶሎ መጣሽ? ትምህርቱ አለቀ?"

"አላለቀም።"

"እና ምን ተማርሽ?"

"መቀመጥ።"

"እሱንማ እኔም እዚህ ተማርኩት" አለ። ጠባቂው ሳቀ። አጎቴ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ "ይቺውላችሁ፤ ቁጠሯት" አላቸው የቀበሌውን ሰዎች። ለቀቁት። የጠፋች ሴት በእግሯ መጥታ ፊታቸው ስትቆም ምን ይበሉ?

ጥቅሉን ስፈታው ቅጠሉ ደቆ ነበር። አጎቴ አልጣለውም። ጋያው ውስጥ እየጨመረ ለጎረቤት ሁሉ "ይኸ ካይሮ ደርሶ የመጣ ትንባሆ ነው" እያለ አጤሰው።

መርዕድ ትምህርቱን ጨርሶ በወፍራም ካፖርት ተመለሰ፤ በሮቢት ሙቀት ለብሶት ይዞር ነበር። የምደባ ክፍል ኃላፊ ሆነ። "ልጅቱ መንገዱ አስፈርቷት ተመለሰች" ብሎ አስወራ። እኔ ረዳት መዳቢ ሆኜ ቀረሁ፣ በዚያው ደረጃ ጡረታ ወጣሁ። አንዲት ቃል "ሄድኩ" ብሎኝ ቢሆን በሁለተኛው አውሮፕላን እደርስ ነበር። ለምን እንዳላለኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጠልቶኝ እንዳይባል አያውቀኝም።

ኃላፊ ወደ መጋዘን ሲገባ እትዬ ወርቅነሽ "ተነሱ" ይላሉ፤ ሴቱ ሁሉ ብድግ ይላል። ለእሱ ክምሩ ቢመሳቀልም ይነሳ ነበር። መርዕድ ኃላፊ ሆኖ የገባ ዕለት እኔ አልተነሳሁም።

"ዘሀራ፣ ምነው? ወንበሩ ያዘሽ እንዴ?" አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እርስዎ ከዚህ እንዳትነሺ ብለውኝ ነበር። ተነሺ አላሉኝም።"

ሴቶቹ አንገታቸውን ቅጠሉ ላይ ደፉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መርዕድ ተነሺ ቢለኝ ያስቀመጠኝ እሱ መሆኑን ማመኑ ነው። አልፎ ሄደ። እትዬ ወርቅነሽ በኋላ ጠርተው "ልጄ፣ ይህ ሰው ያሳስርሻል" አሉኝ። "ከዚህ አልነሳም፤ መጥተው ይውሰዱኝ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲገባ ወደ እኔ ወንበር አያዩም ነበር።

ለወጣት መዳቢዎች የምለው አንድ ነው። ያስቀመጣችሁ ሰው ከቀረ፣ ተነሥታችሁ ጠረጴዛውን ጠይቁ።

መርዕድ ወደ ሌላ እርሻ እስኪዛወር ድረስ አንድም ቀን አልተነሳሁለትም። በእሱ ቦታ ለመጣው ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ተነሳሁ።