ጸጉሬን ልቁረጠው ወይስ ልተወው

ባሌ ካረፈ አንድ ወር ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ታላቅ እህቱ ከመተማ መጡ። ድንበሩን ተሻግረው፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲደርሱ ከእግር እስከ ራሳቸው አቧራ ነበሩ። ተቃቅፈን አልቅሰን ስናበቃ ሻሼን ገለጥ አድርገው ራሴን አዩት።

«ምነው? አልተቆረጥሽም?»

በእሳቸው አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ገዳሪፍ ነው፤ ልማዱን ግን ከእናቴ አውቀዋለሁ። «እቆረጣለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። አልተቆረጥኩም። ይህን ጸጉር ከልጅነቴ ጀምሮ ልገላገለው ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን ብቆርጠው ለባሌ ያዘንኩበት ይሁን ለራሴ የተገላገልኩበት በምን አውቃለሁ?

ጸጉሬ ጥቅልል ነው። ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ በየአቅጣጫው ይቆማል። ሰፈራችን ከጎንደር በኩል የመጡ ሰዎች የበዙበት ነበር። የሰፈር ጓደኞቼ ጸጉራቸው ዞማ ስለሆነ የእኔን ከርዳዳ ይሉታል። «አንቺ ከርዳዳ፣ አባትሽ ሱዳን ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር አንዷ፣ አባቴ በራችን ላይ ቆሞ እያየችው። ትምህርት ቤት ስደርስ ደግሞ ሱዳናውያኑ ልጆች በሁለት እጃቸው እየዳበሱ «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ይህን የመሰለ ለስላሳ ጸጉር ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ከሰፈራችን እስከ ትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ጸጉሬ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም አልገባኝም።

እናቴ ከሁለቱም ወሬ ላሳርፋት ብላ አንዲት ሱዳናዊት ጸጉር ሠሪ ዘንድ ወሰደችኝና ሙሻጥ አሠራችኝ፤ ክር የሚያካክሉ ቀጫጭን ሹሩባዎች። ግማሽ ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ከጫፉ መፈታት ጀመረ። ሒሳብ እየተማርን አንገቴ ላይ አንድ በአንድ ሲፈታ ይሰማኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡኝ። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ይዛ እየሳቁ መልሰው ጎነጎኑኝ። እጃቸውን ሲያነሱ ተፈታ። ሳቁ፣ እንደገና ጎነጎኑት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። ይወዱኝ ነበር ወይስ መጫወቻ አድርገውኝ ነበር? እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ አለቅሳለሁ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷን ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሏት ወደ ገዳሪፍ ተመልሳለች። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ወሬ ጠፍቶኝ ይህንኑ ጠየቅኋት። የምናወራው በዐረብኛ ነው።

«ያኔ ስትጎነጉኑኝ ታሾፉብኝ ነበር እንዴ?»

ደነገጠች። «ወላሂ እኔ ተራ እንዲደርሰኝ ነበር የምጋፋው። ደግሞ አንቺ አይደለሽ እንዴ ከሁላችን በላይ የምትስቂው?»

ትንሽ አሰበችና «አንዳንዶቹ ግን ያሾፉ ነበር» አለች። «እኔም አንዳንድ ቀን።»

ባልጠይቃት ይሻለኝ ነበር።

ባሌማ ስለ ጸጉሬ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። በተጋባን ሰሞን «ጸጉሬን እንዴት ታየዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ምን ሆነ?» አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ ያኮረፍኩበትን አላወቀም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ከዘይት መጭመቂያው አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ይዞልኝ ይገባል። እኔ ጸጉሬን እቀባዋለሁ፤ እሱ ተቀምጦ ያየኛል። ለወጥ ይሁን ለጸጉሬ ያመጣው እንደነበር ሳልጠይቀው አሥራ አራት ዓመት አለፈ። አሁን ማንን ልጠይቅ?

እትዬ አርባውን አውጥተው ሊሄዱ ነበር የመጡት። በየጠዋቱ ራሴን ያዩታል እንጂ ደግመው አልተናገሩም። አርባው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለተዝካሩ ሽንኩርት ስንልጥ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ተቆርጬ ደስ ቢለኝስ? እሱን ነው የፈራሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢላዋቸውን አስቀምጠው፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

«የልጆቼ አባት የሞተ ጊዜ ተላጨሁ። ምላጩ ሲወርድ ነፋሱ ራሴን ነካኝ። ቀለለኝ፣ ልጄ። እያለቀስኩ ቀለለኝ። ይህን የነፍስ አባቴም አያውቁት።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ማልቀሴን ቀጠልኩ።»

እንግዲያውስ ይቁረጡኝ አልኳቸው። ጓሮ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። መቀሱ በየመሐሉ እየተያዘባቸው ቀስ ብለው ቆረጡት። ከጆሮዬ በላይ ሲደርሱ እንባዬ መጣ፤ የሐዘን ይሁን የመገላገል መለየት አቃተኝ።

«ቀለለሽ?» አሉኝ ሲጨርሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አላወቅሁም።»

«እሺ» አሉና ትከሻዬ ላይ የቀረውን በእጃቸው ያራግፉልኝ ጀመር።