በከረሜላ ወረቀት የተነሳ ፎቶ

ጎረቤቴ ከሰል የምታያይዘው በፌስታል ነው። ጠዋት ጠዋት ያ ጥቁር ጭስ በመስኮቴ ሲገባ አፍንጫዬን ይዤ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ያኔም በልጅነቴ ቡራዩ የተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይሸት የነበረው የፕላስቲክ ካሜራ ትዝ ይለኛል። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል።

ካሜራውን ያመጣችው እናቴ ነበረች። አዲስ አበባ ቤታቸው ትሠራላቸው የነበሩ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የማይፈልጉትን ዕቃ በማዳበሪያ ሞልተው ሰጧት፣ ከውስጡ የአሻንጉሊት የሚመስል ካሜራና ጥቂት ፊልም ተገኘ። ሌንሱ ሳይቀር ፕላስቲክ ነበር። ክረምት ስለነበረና ጭቃው ከቤት ስለማያስወጣ፣ የአከራያችን የአዴ ጫልቱ ልጅ ገመቹ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብሎ ሲፈታውና ሲገጥመው ይውል ነበር። እሱ አስራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ጎረምሳ፣ እኔ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቢሆንም ካሜራው የእኔ ስለነበር ሳያስፈቅደኝ አይነካውም ነበር።

ብርሃን የሚያስገባውን ስንጥቅ በጥቁር ፕላስተር እንደፍን፣ ሌንሱ ላይ ቀይና ቢጫ የከረሜላ ወረቀት እናስር፣ ፊልሙን ሳናዞር አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ ደግመን እናነሳ ነበር። መስከረም ላይ እናቴ ፒያሳ አሳጥባ ስታመጣልን ግን የአዴ ጫልቱ በሬ ቀንዱ ከጣሪያችን ላይ በቅሎ፣ የሰው ሁሉ ፊት እንደ ጧፍ ቀልጦ አየሁት። አስጠላኝ፣ አለቀስኩም። ገመቹ ግን አንድ በአንድ እያገላበጠ ይስቅ ነበር። «ሚጡ፣ ጥርት ያለውንማ ማንም ያነሳል፣ ይሄኛው የኛ ብቻ ነው እኮ» አለኝ። እንዲህ ማለቱም አስጠላኝ።

ጤፉ ቢጫ ሲሆን የአዴ ጫልቱ ማሳ ዳር ችካል ተተክሎ ነበር። ትልልቆቹ ስለ ማስተር ፕላን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ፣ ገመቹ ደግሞ «መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው» ይል ነበር፣ እኔም መሬት እንዴት አድርጎ እንደሚሄድ ለማየት ማለዳ ተነስቼ ማሳውን እመለከት ነበር። ኅዳር ሲያልቅ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የአምቦ መንገድም ድንጋይ ተደረደረበት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገመቹ ከጓደኞቹ ጋር ሊወጣ ሲል ደጃፋችን ላይ ቆሞ «በቀዩ አንሺኝ» አለኝ፣ ቀዩን የከረሜላ ወረቀት ሌንሱ ላይ አስሬ እየሳቀ አነሳሁት። ከሰዓት በኋላ ተኩስ ሰማን፣ ሲመሽ ሬሳውን ሰዎች ተሸክመው አመጡት።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ እናት የልጇን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ታሳያለች፣ ለቀስተኛውም ፊቱን እያየ ያለቅሳል። አዴ ጫልቱ የሚይዙት ፎቶ አልነበራቸውም። መታወቂያውም ስልኩም በተመታ ዕለት ጠፍተው ቀሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችን መጡና እናቴን «ልጅሽ አንስታዋለች አሉኝ፣ ፊቱን ስጪኝ» አሏት። እናቴ መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለ ፊልሙን ዳቦ ውስጥ ደብቃ፣ ታክሲ ስላልነበረ ልታሳጥበው እስከ አስኮ በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ ይዛ የመጣችው ሁለት ፎቶ ነበር። ትንሹ እኔ ያነሳሁት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፣ ብርሃን ገብቶ ግማሽ ትከሻውን በልቶታል፣ ፊቱ ግን ራሱ ገመቹ ነበር፣ ፍንጭት ጥርሱን አውጥቶ የሚስቀው ገመቹ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ «በዚህማ አይለቀስም፣ እኔ አሳምሬ እሠራዋለሁ» ብሎ ትልቁን ሠርቶላታል። ፊቱን ቆርጦ አንጥቶታል፣ አፉን ገጥሞታል፣ ከአንገቱ በታች የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ አልብሶ ከኋላው ፏፏቴ አፍስሶበታል። ሳየው ከሬሳው ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

አዴ ጫልቱ ትልቁን ተቀብለው ብዙ አዩትና «ኩን ኢልመ ኮቲ?» አሉ፣ ይሄ ልጄ ነው? ማለታቸው ነበር። «አዎ፣ አዎ፣ እንዴት አምሮበታል!» አሉ ሴቶቹ። እኔ ትንሹን ይዤ በሰዎች መሃል እየተሽሎከለክሁ ልሰጣቸው ስል አንዲት ጎረቤታችን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ይሄን ደም የመሰለ ነገር ለእናቱ? ሟርተኛ!» ብላ ወጥ የተጣደበት እሳት ውስጥ ከተተችው። ፎቶው ተኮማትሮ ሸተተ፣ እኔም ከቤቱ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ። ፊልሙንም የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ጥሎት ኖሮ ሁለተኛ ልናሳጥበው አልቻልንም።

ያ በጋ ሳያልቅ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። እኛም በልግ ላይ ቤት ለቀን አዲስ አበባ ገባን፣ ማሳው ግን ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ቤት ነው።

አሁን ልጆች ስልካቸውን አንድ ጊዜ ነካ አድርገው ጥርት ያለውን ፎቷቸውን ሆን ብለው ያበላሹታል፣ ብርሃን ያፈሱበታል፣ ቀይ ያለብሱታል፣ ካልወደዱትም መልሰው ያጠሩታል። የድሮ መሰለ ብለው ሲያሳዩኝ ፊቴን አዞራለሁ። ባለፈው ፋሲካ አዴ ጫልቱን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ባለ ሱፉ ሰውዬ ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል፣ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን እየጠረጉ፣ «ክራቫት ሲያስር እንዴት ያምርበት እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል ሚጡ?» አሉኝ።

ገመቹ በሕይወቱ ክራቫት አስሮ አያውቅም። ይህን የምናውቅ እሳቸውና እኔ ነበርን፣ አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ያ አፉ የተገጠመ ሰውዬ ከግድግዳው ላይ ሲያየኝ ምራቄ መረረኝ።

«አዎ አዴ፣ በጣም ያምርበት ነበር» አልኳቸው።