ሰላም ልብሷን የሸከፈችበት ቀን

ያን ቀን ሱሉልታ በነበረው ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ያኔ የአምስት ዓመት የነበረችው ልጄ ሰላም፣ ወተት የሚሸጡልን ጎረቤታችን አዴ ሎሚ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ የሚመታው ባለቤቴ ነን። ትናንት ሰላም፣ ዛሬ ራሷ እናት ሆና፣ ደውላ፣ "እማዬ፣ ሁለተኛ ማርገዜን ለልጄ እንዴት ልንገረው?" ብትለኝ ነው ሁሉም ትዝ ያለኝ።

ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ከሰላም በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ስለዚህ አፌን ከከፈትኩ ይሄኛውም የሚሄድብኝ ይመስለኝ ነበር። በሱሉልታ ክረምት ጋቢ ለብሶ መዋልን ማንም አይጠረጥርም፤ ከባለቤቴና ከአዴ ሎሚ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰላም ልታቅፈኝ ስትመጣ፣ "ሆዴን ያመኛል፣ ራቅ በይ" እላታለሁ። መጠንቀቄ ነበር።

ዝናቡ እንዳባራ አዴ ሎሚ ጭቃቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው፣ በአንድ እጃቸው ሰላምን፣ በሌላው ፌስታል ይዘው ገቡ።

"ይቺ ልጅ 'እናቴ ስትሞት እናንተ ቤት ልኑር' ትለኛለች። ምን ብለሻት ነው?"

ፌስታሉን ፈታሁት። ሁለት ቀሚሶቿ፣ ማንኪያዋ፣ ከሥር ደግሞ የእኔ አሮጌ ሻሽ። ሻሹን ይዤ ቁጭ አልኩ።

"አዴ፣ ብነግራትና እንደበፊቶቹ ቢሆንብኝስ? ምን እላታለሁ?"

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ያኔ አብራችሁ ታለቅሳላችሁ። አሁን ግን ብቻዋን እያለቀሰች ነው።"

ሰላምን አስጠግቼ ጋቢውን ገለጥኩ። "አልታመምኩም። እዚህ ውስጥ ልጅ አለ።"

ሆዴን አየች፣ አዴ ሎሚን አየች። "ታዲያ ለምን ዋጥሽው?"

የአዴ ሎሚ ሳቅ መዶሻውን አስቆመው። "ምን ተገኘ?" አለ ባለቤቴ ከላይ።

"ሚስትህ ልጅ ውጣ ተገኘች!"

ሰላም ግን አልሳቀችም። "መቼ ይወጣል?"

"ለመስከረም። አብረን እንጠብቀዋለን።"

"ካልመጣስ?"

"እሱንም እነግርሻለሁ" አልኳት። ከዚያ በላይ መማል አልደፈርኩም።

ትንሽ አሰበችና ማንኪያዋን አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች። ቀሚሶቹን ግን አልነካቻቸውም። ወንድሟ ተወልዶ፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ገንፎዬን ስበላ በዓይኗ ካየች በኋላ ነው ፌስታሉን ባዶ ያደረገችው።

ትናንት ለሰላም፣ "እውነቱን ንገሪው፤ የማታውቂውንም አላውቅም በይው" አልኳት። እኔ በራሴ የደረስኩበት ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ከአዴ ሎሚ የተማርኩት ነው። እሳቸው ገላን ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ እንዴት እንደሆኑ ይንገረኝ።