በዜሮ የተባዛው ጥያቄ

አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ ተዘግቶ ሕንፃው የቤት ዕቃ ይሸጥበታል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርኩት እዚያ ነው። ከተራራው ወረዳችን ከካምባ ስመጣ ኮምፒውተር የነካሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወረዳው ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት ሠራተኛዋ ዘወር ስትል ጠብቄ።

አባቴ ወንጌላዊ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ጋሞኛ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ስለሆነ በጽሑፍ ከማንም አላንስም፤ ስናገርም ረጋ ካልኩ አልሳሳትም። ሰው ካፈጠጠብኝ ግን “እሱ” እና “እሷ” ይቀላቀሉብኛል። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ ክፍሉ ሙሉ ስለሳቀብኝ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ሥራ ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብን። ለእኔ የደረሰኝ የከተማው የሴቻ ሰፈር ልጅ ነበር፤ እናትና አባቱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እሱ አንደበቱ የተባ፣ መምህራኑ እንኳ ሲያወራ ፈገግ ብለው የሚሰሙት። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ርዕሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጀማሪ ተማሪ በአማርኛ ቃላት ፕሮግራም የሚጽፍበት ትንሽ ቋንቋ፣ እና የተጻፈውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ኮምፓይለር ልንሠራ ተስማማን። ቃላቱ “ከሆነ”፣ “ድገም”፣ “ጠይቅ”፣ “አሳይ” የመሳሰሉ ነበሩ፤ ሃያ አይሞሉም። እሱ ጽሑፉን አንብቦ ቃል በቃል የሚነጣጥለውን ክፍልና ተጠቃሚው የሚያየውን መስኮት ወሰደ። ዛፉና ከዛፉ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ሆነ።

ዛፍ የምለው እንዲህ ነው። ኮምፓይለር የተጻፈለትን እንዳለ አይተረጉምም። መጀመሪያ ያፈርሰውና እንደ ዛፍ ያቆመዋል። “ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት” ብትለው መደመሩን ከላይ ያደርጋል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ሁለትን፣ በሌላው ማባዛቱን ያንጠለጥላል፤ ከማባዛቱ ሥር ደግሞ ሦስትና አራትን። ከዚያ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ዛፉን እንደገና ይሠራዋል። ሦስትና አራት የታወቁ ቁጥሮች ስለሆኑ ፕሮግራሙ እስኪነሣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቅርንጫፉን ነቅሎ በቦታው አሥራ ሁለት ይተክላል። አሁን ሁለትና አሥራ ሁለት ጎን ለጎን ሆኑ፤ እነሱንም ነቅሎ አሥራ አራት ይተክላል። ዛፉ አንድ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። “አምስት ጊዜ ድገም” የሚለውንም ወደ ተራ ቆጠራ ይለውጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ትእዛዝ የሚጽፈው ክፍል ጥቂት ቅርጾችን ብቻ ቢያውቅ እንዲበቃው።

ይህን ክፍል ወደድኩት። መብራት ሲኖር ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሲጠፋ ደግሞ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ፣ አባቴ ከሰንበት ትምህርት ቤት በላከልኝ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ዛፍ እስል ነበር። አንድ ዛፍ እስላለሁ፣ ቅርንጫፍ የሚነቀልበትን ሕጌን አስኬድበታለሁ፣ ከጎኑ ያነሰውን እስላለሁ። መጀመሪያ ዛፉ በስክሪን ላይ እንዳሰብኩት ሲያንስ ያየሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። በአማርኛም በጋሞኛም ለማንም መንገር የማያስፈልገኝ ነገር ነበር፤ ትክክል መሆኑን ራሱ ይናገራል።

እሱ ሥራዬን ያደንቅ ነበር። የዛፉን ቅርንጫፎች ብዛት ከመታረሙ በፊትና በኋላ ቆጥሮ የሚያሳይ መስመር መስኮቱ ላይ ያስገባውም እሱ ነው። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ከማንጎው ሥር፣ “ለምን በዜሮ የሚባዛውን አትቆርጪውም?” አለኝ። “በዜሮ የተባዛ ሁሉ ዜሮ ነው። ስንት ቅርንጫፍ ይወርድ ነበር!”

“ሁልጊዜ አይሆንም” አልኩት። “ከሥሩ ‘ጠይቅ’ ካለበትስ? ‘ጠይቅ’ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን የሚያናግር ሥራ ነው። ቅርንጫፉን ከቆረጥነው ጥያቄው አብሮ ይጠፋል።”

“መልሱ ያው ዜሮ ነው።”

“መልሱ ዜሮ ነው፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ አለበት።”

“እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ” አለና ተወው። የተወው መስሎኝ ነበር።

ለማሳያ የሚሆነንን ፕሮግራም ከጫሞ ሐይቅ ዳር አመጣነው። ዓሣ ከሚያወርዱት ሰዎች ጋር ግማሽ ቀን ዋልን። ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ጠቅላላው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ስንት ሣጥን እንዳለ፣ ስንት ጀልባ እንደገባ። ከኪሎው ላይ የሣጥኖቹን ክብደት ቀንሶ፣ የቀረውን ለጀልባዎቹ አካፍሎ፣ አንድ ጀልባ በአማካይ ስንት እንዳመጣ ያሳያል። እዚያ ያሉት ሰዎች ዓሣውን ያለ ሣጥን እንደሚመዝኑ ስለነገሩን የሣጥኑ ብዛት የሚባዛበትን የአንድ ሣጥን ክብደት ዜሮ አልነው፤ ጥያቄውን ግን በሣጥን የሚመዝን ሰው ቢመጣ ብለን ተውነው። በእኔ ኮምፓይለር ሃያ ጊዜ ሞከርነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ኮዱን በሙሉ አትመን፣ አስጠርዘን፣ ለኮሌጁ ሦስት ቅጂ አስገባን።

ሥራችንን የምናቀርብበት ጠዋት ፍላሽ ዲስኩን ይዞ መጣ።

“ትንሽ አሳምሬዋለሁ” አለኝ።

“ምኑን?”

“መስኮቱን ነዋ። ቀለሙን።”

አመንኩት። የሚሠራ ነገር በመጨረሻው ሰዓት እንደማይነካ ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የተማርነው።

ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ በፊታቸው ያስጠረዝነው ቅጂ አለ። እሱ መግቢያውን አቀረበ፤ አሳቃቸውም። ቀጥሎ እኔ ስለ ዛፉ ተናገርኩ፤ በቃሌ አጥንቼው ስለነበር አልተደናቀፍኩም። ከዚያ ከመምህራኑ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት፣ “እስቲ እኔ ልሞክረው” ብለው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው፤ ዘጠና ኪሎ፣ ስድስት ሣጥን፣ ሦስት ጀልባ። መልሱ ሠላሳ መሆን አለበት።

ዘጠናን ጻፉ። ቀጥሎ በስክሪኑ ላይ “ስንት ጀልባ?” የሚል ወጣ።

ሣጥኑን አልጠየቀም። እሳቸው ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ስለነበር ሁለተኛውን ቁጥር፣ ስድስትን፣ መቱ። መልሱ አሥራ አምስት ሆኖ መጣ።

ዓይኔ ወደ ቅርንጫፎቹ ቁጥር ሄደ። ከምናውቀው በጣም ወርዷል። የሆነው ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ በዜሮ የሚባዛው ከነጥያቄው ተቆርጧል። ወደ እሱ ዞርኩ። እሱ ወለሉን ያያል።

“ስህተት ነው” አሉ መምህሩ። “በሠላሳ ፈንታ አሥራ አምስት። ዛፉን የሚያርመውን ክፍል የሠራው ማነው?”

“እሷ ናት” አለ። ድምፁ የለሰለሰ፣ ያዘነልኝ የሚመስል ነበር።

ሦስቱም አዩኝ። እሱን በጣቴ እያሳየሁ እንዲህ አልኩ፦ “ይህን ሕግ እኔ አልጻፍኩም። ዛሬ ጠዋት እሷ ናት የጨመረችው!”

ከኋላ ተራቸውን የሚጠብቁት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። መምህራኑም ፈገግ አሉ።

“እሷ ማናት?” አሉ አዛውንቱ። “አንቺ ነሽ ወይስ እሱ? እስቲ ተረጋጊ።”

እንዴት ልረጋጋ። አፌን ከፈትኩ፤ “እሱ” የምትለውን ቃል ፈለግኳት፤ አጣኋት። እሱም ሳቀ። ከሁሉም ሳቅ መካከል እስከ ዛሬ ለይቼ የምሰማው የእሱን ነው። ከዚያ እንደ መልካም ጓደኛ ጣልቃ ገባ፤ “ትንሽ ደንግጣ ነው፤ ክፍሉ በጣም ከባድ ነበር፣ በሚገባ ለፍታበታለች” አላቸው። አመሰገኑት። ተቀመጥኩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ ማለፊያ አገኘሁ፤ እሱ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ኮሌጁ በየዓመቱ ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀር ነበር፤ እሱን አስቀረ። በአዳራሹ በር ላይ አግኝቼው፣ “ለምን?” አልኩት። “ሊያምር ይችላል ብዬ ነው እኮ” አለኝ፤ “ደግሞ አለፍሽ አይደል?”

ለአባቴ አልፌያለሁ ብቻ አልኩት። በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ።

በደንብ የተቃጠልኩት ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ወደ ካምባ በሚወጣው አይሱዙ ላይ ነው። ከሙዝ ጆንያ ጋር ተጣብቄ፣ ዳገቱ ላይ መኪናው እያቃሰተ ሳለ፣ ያ የተጠረዘው ቅጂ ትዝ አለኝ። ኮዱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ያ ሕግ እዚያ ውስጥ የለም። ሦስቱ መምህራን እጃቸውን ያስደገፉት በዚያ ቅጂ ላይ ነው። ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ተነሥቼ ገጹን ገልጬ ላሳያቸው ይበቃ ነበር። “እሱ” ወይም “እሷ” ማለት የማያስፈልገው ማስረጃ ክንዳቸው ሥር ተኝቶ እኔ ቃል ስፈልግ ቆየሁ። በእሱ ላይ ካለኝ ንዴት ይልቅ በራሴ ላይ ያለኝ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ምዕራብ ዓባያ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ኮምፒውተሮቹ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር፤ የመብራት መስመሩ ስላልተዘረጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተርን በጠመኔ አስተማርኩ። ለተማሪዎቼ ማውስ የሚባለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚሆን በእጄ ለክቼ ነበር የማሳያቸው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ለአይሲቲ መምህራን ሥልጠና ተብሎ አርባ ምንጭ ተጠራን። አዳራሽ ገብቼ ስቀመጥ አሠልጣኙ እሱ ነበር። ወፍሯል፤ አነጋገሩ ያው ነው። በሁለተኛው ቀን ፕሮግራም ውስጥ ስለሚፈጠሩ ስህተቶች ሲያስተምር ግድግዳው ላይ ዛፍ አወጣ። ዓሣ፣ ሣጥን፣ ጀልባ። የእኔን ዛፍ። ቁጥሮቹ እንኳ አልተቀየሩም።

“ተማሪ ሳለሁ” አለ፣ “አንዲት ጓደኛችን በዜሮ የሚባዛውን ሁሉ የሚቆርጥ ሕግ ጻፈች። ከሥሩ ጥያቄ መኖሩን አላሰበችም። ‘ጠይቅ’ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሰውን የሚያናግር ሥራ ነው።”

ቃል በቃል የእኔ ንግግር ነው። አዳራሹ ማስታወሻ ያዘ።

ለሻይ ስንወጣ ጠበቅሁት። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ሊስመኝ መጣ። ወደ ኋላ አልኩ።

“ያንን ሕግ የጻፈው ማነው?” አልኩት። ሰባት ዓመት ክፍል ውስጥ በአማርኛ ሳስረዳ ኖሬያለሁ፤ አልተሳሳትኩም።

“የቱን?”

“የዜሮውን።”

ግራ ተጋብቶ አየኝ። “አንቺ አይደለሽ እንዴ? ስምሽን አልጠራሁም እኮ። ቅር አለሽ?”

ዓይኑን መረመርኩት። እየዋሸ አልነበረም። እንደዚያ ብሎ ደጋግሞ ሲያስተምረው፣ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ሲተርከው፣ አምኖታል። የማንጎውን ሥር፣ ያንን ጠዋት፣ ፍላሽ ዲስኩን አንድ በአንድ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ የታመመ ሰው እንደሚሰማ።

“ሊሆን ይችላል” አለ መጨረሻ ላይ። “ረጅም ጊዜ ሆነ። ከፈለግሽ ምሳሌውን እተወዋለሁ።”

“አትተወው። የጻፈውን ሰው አስተካክል።”

“እሺ” አለ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ርዕስ ነበር። ማንም ወደዚያ ዛፍ አልተመለሰም። ሥልጠናው ሲያልቅ የምስክር ወረቀቴን ከእሱ እጅ ተቀበልኩ፤ ፊርማውም የእሱ ነው።

ለበዓል ካምባ ስወጣ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አርጅቷል፤ በደጃፉ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጭጋግ መሐል ፀሐይ ይጠብቃል። ኮምፓይለር ምን እንደሆነ አላስረዳሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሳቁ ላይ ስደርስ ግን እጁን አንሥቶ አስቆመኝና ቆይቶ ቀጥዪ አለኝ።

ስጨርስ ይቅር በይው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይቅር መባባልን ነው። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም ልለው።

“ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?” አለኝ።

“ብነግርህ ምን ታደርግልኝ ነበር፣ አባዬ?”

“ምንም” አለ። “አብሬሽ እናደድ ነበር።”

ድንጋዩ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋን አብረን ጠበቅናት፤ ያን ቀን አልወጣችም።