ተቀባይ ያጣው ዘፈን

አክስቴ ይቅር ባይ ሴት አይደለችም፤ ራሷም አትደብቀውም። ጥርስ ሐኪም ለመሆን በሰው አገር ስትማር፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የሄደችው አኮርዲዮን አልጋዋ ሥር ነበር የሚያድረው። ዘፈን መድረስ ታውቅበታለች፤ ድምፅ ግን አልታደለችም። ድምፅ የታደለው ያገሯ ልጅ ነበር፤ ከሷ ቀድሞ የገባ፣ ተማሪው "ሊቀመንበሩ" የሚለው ጎረምሳ።

የትምህርት ቤቱን ክሊኒክ የምታጸዳ አንዲት ሴትዮ ቆሻሻ ስታነሳ የተጣለ መርፌ መዳፏን ወጋት። "ጓንት ስጡን" ብላ ስለጮኸች ተባረረች። አክስቴ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው አገር ቋንቋ፣ አንድ ዘፈን ደረሰች። መሪው ስንኙን ያወጣል፤ ሕዝቡ "እጄ የኔ ነው" እያለ ይቀበላል። ምሳ ሰዓት ላይ ዋናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አኮርዲዮኗን ስትጫወት ሊቀመንበሩ ያወጣል፣ ተማሪውና ጽዳቶቹ ይቀበላሉ። ደረጃው መተላለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ይሞላው ጀመር።

ዲኑ ሁለቱን አስጠራቸው። አክስቴ አፏን ሳትከፍት ሊቀመንበሩ ቀደማት።

"እኔ ድምፄን ነው ያዋስኩት። ግጥሙን የጻፈችውም፣ ሰዉን የምታሳድመውም እሷ ናት።"

እሱ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። እሷ ለአንድ ዓመት ታገደች፤ ከማደሪያውም አስወጧት። ሻንጣና አኮርዲዮን ይዛ መንገድ ላይ ስትቆም፣ ወደ ቤቷ የወሰደቻት ያቺው መርፌ የወጋት ሴትዮ ናት። ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ አስተኛቻት።

"ልጄ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ" አለቻት አንድ ጠዋት።

"አይውጣ። እፈልገዋለሁ" አለች አክስቴ። ጥርሷን ነክሳበታለች።

ጽዳቶቹ ሥራ አቆሙ፤ ክሊኒኩ ሸተተ፤ ትምህርት ቤቱ እጁን ሰጠ። ጓንት መጣ፤ ሴትዮዋም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተማሪዎቹ ማኅበር ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በትልቁ አዳራሽ የዘፈኑ ደራሲ ይሸለማል ይላል፤ ከሥሩ የሊቀመንበሩ ፎቶ። ቅጣት ሲመጣ የሷ የነበረው ግጥም ሽልማት ሲመጣ የሱ ሆነ።

ይባስ ብሎ ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ "ያለፈው አለፈ። ሁለታችንም ብንባረር ኖሮ ማን ይመራው ነበር? ነይና አጅቢኝ፤ ያላንቺ አይሆንም" አላት።

"እመጣለሁ" አለችው። ያኔ የሳቀችለትን ሳቅ አሁንም ስንጠይቃት ታሳየናለች፤ ደስ አይልም።

ከዚያ ተቀባዮቹን እየዞረች አነጋገረች፤ ተማሪዎቹን ካፌ ውስጥ፣ ጽዳቶቹን ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል። ሊቀመንበሩ ዲኑ ፊት ስለሷ የተናገረውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። አንዱ ተማሪ "በጩኸት እናስወርደው?" ቢላት፣

"አትስደቡት። አትቀበሉት ብቻ" አለች።

በቀኑ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አክስቴ መግቢያውን አሳምራ ተጫወተች። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ስንኝ ለቀቀው፤ ድምፁ እንደወትሮው ያምራል። የተቀበለው የለም። ዓይኑን ገለጠ፤ ፈገግ ብሎ ደገመው። ዝም። ወደ አክስቴ ዞረ። እሷ መግቢያውን እንደገና ጀመረችለት፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ።

"ምን አደረግሽኝ?" አላት በሹክሹክታ።

"አጀብኩህ።"

ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በጎን በር ወጣ። መርፌ የወጋት ሴትዮ ከኋላ ወንበር ተነስታ በጎርናና ድምጿ ስንኙን አወጣችው፤ አዳራሹ ሲቀበላት መስኮቱ ነዘረ።

ሊቀመንበሩ ወዲያው ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ሲዘፍን የሰማው የለም ይባላል። አክስቴ እገዳዋን ጨርሳ ተማረች፣ ተመረቀች፣ አገሯ ገብታ ክሊኒክ ተቀጠረች። አምና የሱ ታላቅ እህት ሊያስታርቋቸው ሥራ ቦታዋ ድረስ መጡ።

"ዶክተር፣ ስንት ዘመን አለፈ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል እኮ።"

"እትዬ፣ የሰረቀው እሱ ሆኖ ሳለ ሳሉ በምን ሒሳብ ነው የኔ የሚሆነው?"

ሴትየዋ ሊቆጡ ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው። "ታዲያ ምን ልበለው?"

"ደህና ናት ይበሉት። የአዳራሹን ቀን እያስታወሰች ነው የምትተኛው ይበሉት" አለችና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።