በድንጋይ የገዛሁት ታሪክ

እናቴ ለአንድ የመጽሐፍ ልጅ ትጸልይ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ መጽሐፉንም በዓይኗ አላየችውም። ማታ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲጸልይ፣ ለታመሙ ጎረቤቶችና ለዝናቡ ከለመነች በኋላ፣ በሀዲይኛ "ያንን በበረሃ የጠፋውንም ልጅ አስበው" ትላለች። አባቴ ይስቅባታል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ልጁን ወደ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝና።

ነገሩ የተጀመረው በጃንሆይ ጊዜ፣ ለሆሳዕና ከተማ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው ሲባል ነው። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከላይ ይመጣል፣ ድንጋዩን ሕዝቡ ያቀርባል ተባለ። ሕዝቡ የተባልነው እኛ ነን። ጠዋት ጠዋት ደብተራችንን በብብታችን ይዘን፣ ከወንዝ ያነሳነውን ድንጋይ በአናታችን ተሸክመን ትምህርት ቤት እንገባለን። አንገቴ እስከ ማታ አይታጠፍልኝም ነበር።

ድንጋይ የማሰባሰቡ ሥራ የተሰጠው ለአማርኛ አስተማሪያችን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው፣ ሲያነብ ድምፁ የሚጣፍጥ ወጣት ነበር። ልጅ በምን እንደሚያዝ ያውቃል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ያመጣውን ሁሉ ዝግባው ሥር ሰብስቦ ከራሱ መጽሐፍ ያነብልናል፤ ያላመጣ ከአጥር ውጭ ይቆማል። መጽሐፉ ሰማያዊ ልባስ ነበረው። ታሪኩ ከነጋዴዎች ጋር ወጥቶ በረሃ ውስጥ ስለጠፋ፣ ከአንዲት አንካሳ በቅሎ በቀር ማንም ስላልቀረው ልጅ ነው። አስተማሪያችን ልክ ውኃው ሲያልቅ፣ ልክ ጅቡ ሲጠጋ መጽሐፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋና ድንጋይ ያመጣ የቀረውን ይሰማል ይለናል።

የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀምጬ የሰማሁትን በሀዲይኛ እነግራታለሁ። ያልገባኝን አማርኛ ከራሴ እየሞላሁ መሆኔን አላወቀችብኝም። ልጁ ሲጨንቀው እጇ ይቆማል። አንድ ቀን በቅሎዋን ምን እያበላት ነው አለችኝ። ዓርብ ጠብቄ አስተማሪውን ብጠይቀው በጣም ሳቀ። እናቴ ሌላም ሌላም ጥያቄ ነበራት። ቀስ በቀስ ለውኃ ስትወርድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየመረጠች ታስቀምጥልኝ ጀመር። አንድ የገበያ ቀን እንዲያውም እኔ ላነሳው የማልችለውን ትልቅ ድንጋይ ራሷ ተሸክማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረደችው። ሰው ሲስቅባት ታሪኩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው አለች።

ግድግዳው ጣሪያ ሲደርስ አስተማሪው መጽሐፉን ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋው። ልጁ ገና አልተገኘም፤ የቀሩት ገጾች ጥቂት ናቸው።

"መጨረሻውን ቤተ መጻሕፍታችሁ ሲከፈት በገዛ ዓይናችሁ ታነቡታላችሁ" አለን። "ቃሌ ነው።"

የተከፈተ ዕለት አንድ ትልቅ ሹም መጥቶ ሪባን ቆረጠ። እኛ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ዘመርን፤ ትልልቆቹ ገቡ። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ሰማያዊው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ሰኞ ስንሄድ ዘበኛው ለልጆች ቀን ይመደብላችኋል ብሎ መለሰን። ሌላም ጊዜ ሄድን፤ ያው መልስ ነው። ቀኑ አልተመደበም። በምትኩ ራዲዮ ገባ፣ የቢራ ሣጥን ገባ፣ ቤቱ የሠራተኞች ክበብ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ የእኛ ላም ደግሞ በገዛ አናታችን ተሸክመን ያቆምናት ነበረች።

እናቴ ግን ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ልጁ ተገኘ ወይ ትለኛለች። አልተከፈተልንም ስላት ወደ አስተማሪሽ ሂጂ፣ ቃል የሰጠ ሰው ነው፣ አያሳፍርሽም አለችኝ።

ሄድኩ። ክበቡ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ካርታ ይጫወት ነበር፤ መጽሐፉ ከራሱ በላይ መደርደሪያው ላይ አለ፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። በመስኮቱ ቆሜ ጠራሁት። ቀና አላለም። ቀናችን መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ካርታ ሳበ። አንደኛው ሰውዬ ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው ሲል ሌሎቹ ሳቁ። የመስኮቱን ደፍ ይዤ፣

"እሺ ጋሼ፣ ልጁስ? ልጁ ምን ሆነ?" አልኩት።

"ሞተ" አለ፣ ካርታውን እየጣለ። "በይ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ለእናቴ ስነግራት የእንሰት መፋቂያዋን አስቀመጠች። በቅሎዋስ ብላ አልጠየቀችኝም። ያን ማታ ለታመሙት ጸለየች፣ ለዝናቡ ጸለየች፣ ከዚያ እልጁ ዘንድ ስትደርስ ዝም አለች። በእኛ እምነት ለሞተ አይጸለይም። አሜን ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ልጁን አንስታው አታውቅም።

ብዙ ዘመን አለፈ። እናቴን ከቀበርን በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሰማያዊውን ልባስ ያየሁት። ሳልገዛው እዚያው ቆሜ ከመጨረሻው ገለጥኩት። ልጁ አልሞተም። አንካሳ በቅሎውን እየጎተተ የእናቱ ደጃፍ ይደርሳል፤ እንግዳ መስሎ ውኃ ይለምናል፤ እናቱ ፊቱን ሳታይ በድምፁ ትለየዋለች።

ሻጩ ምነው እህቴ ደህና ነሽ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ቤቱ ክበብ እንዲሆን ከላይ ታዞ ይሆናል፤ አስተማሪውም የሚያስከፍትበት ሥልጣን አልነበረውም ይሆናል። ያን ልተውለት እችላለሁ። ግን ያን ቀን ከመስኮቱ ሊያባርረኝ ከፈለገ "ተገኘ" ማለትም ይበቃው ነበር። እሱም ያው አንድ ቃል ነው።